ዜናውን መጀመሪያ ለእኔ ትነግረኝ የነበረችው ኛቦል

ኛቦልን በሬዲዮ ሌላ ሴት አድርገው ቀበሯት።

የደቡብ ሱዳን አዲሱ ባንዲራ በተሰቀለ በወሩ ነው። ኩላሊቷን ታማ ለሕክምና ካርቱም ሄዳ ነበር፤ በዚያው ቀረች። እኔ መርዶውን የሰማሁት ከሬዲዮ ነው፣ ያውም ራሷ ዜና ታነብበት ከነበረው ጣቢያ። ሙዚቃ አስቀደሙላት። ከዚያ አንድ ድምፁ የሚያምር ልጅ «ትሑትና ዝምተኛ፣ ከቤቷና ከቤተ ክርስቲያኗ በቀር የማታውቅ፣ የነጻነት ታጋይ እናታችን» እያለ አነበበላት። የወለል መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዝምተኛ? ኛቦል? ስትስቅ ግድግዳውን በመዳፏ የምትደበድበው ኛቦል? ጠመንጃ እንደሆነ በእጇ ነክታ አታውቅም። «እኔ የታገልኩት ወረቀት ጎድሏል ከሚሉ ጸሐፊዎች ጋር ነው» ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ አልዋሽም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቶንፒንግ ሰፈር ተቀምጣ የፍየል ጥብስ በሁለት ቢራ ካላወራረደች ሳምንቱ አልቋል ብላ አታምንም።

ሰው እንዲያዝንላት ብለው ነው ያሳመሯት፣ ይገባኛል። እሷ ብትሰማ ግን ያንን ልጅ በአማርኛም በአረብኛም ትሰድበው ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ አጻጻፌ ቢያስቅ ይቅርታ አድርጉልኝ። እንደነበረችው ልጻፋት።

ወደ ጁባ የመጣሁት የሰሜንና የደቡቡ ሰላም ከተፈረመ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ አንዲት ልጄን ራሄልን ይዤ። ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። እኔ ቡሉክ ሰፈር ካለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ጽዳትና ሻይ ማፍላት አገኘሁ። ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ኮንቴይነር፣ አንድ ጄኔሬተርና አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት አለችኝ።

ፈሪ ሴት ነኝ። ወታደር ሲያልፍ እፈራለሁ። ኤዲተሩ ሲያስለው እፈራለሁ። ራሄል አሥር ደቂቃ ከዘገየች ደግሞ ቀብሬያት፣ ሰልስቷንም አውጥቼላት ነው የምትደርሰው። በመጀመሪያው ቀን ስቱዲዮውን ስጠርግ ድምፅ እንዳላሰማ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ረጅም፣ ጥቁር፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት በጥርት ያለ አማርኛ «አንቺ፣ ወለሉን እየጠረግሽው ነው ወይስ እያባበልሽው?» አለችኝ።

ደንግጬ «እትዬ፣ አማርኛ ከየት ለመዱት?» አልኳት።

«እትዬ ያልሽኝ ምን በድዬሽ ነው? እኩያሽ እኮ ነኝ! ኢታንግ መጠለያ ሰፈር አደግኩ፣ ጉለሌ አረጀሁ። ኛቦል በይኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ አወጣችብኝ። ዜና የምታነበው በጁባ አረብኛ ነው፣ የሰባት ሰዓቱንና የማታውን። ሰው የሞተበት ዜና ከሆነ ግን ሳታነበው በፊት ማድ ቤቴ ትመጣለች፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጣለች፣ በአማርኛ ትነግረኛለች። ታዲያ እንድሰማት ብቻ አይደለም፤ እንድጠይቃት ነው። «እዚህ ያሉት የተማሩ ናቸው፣ ሁሉም ነገር ይገባቸዋል፣ ስለዚህ አይጠይቁም» ትላለች። እኔ የጠየቅኳትን ነገር ካላወቀችው ደውላ ወይም ሄዳ አጣርታ ዜናው ውስጥ ታስገባዋለች። ያን ጊዜ ከተማው አዲስ ሚኒስትር በየሳምንቱ ያያል፤ እኔንም «የጥያቄ ሚኒስትር» ብላ ሾመችኝ። በግቢው መሐል «ሚኒስትር! ጉባኤ አለን!» ብላ ስትጣራ ዘበኛው ይስቅብኛል፣ እኔ በሀፍረት አልቃለሁ።

ሌላም አመል ነበራት። የሞተ ሰው ስም ልታነብ ስትል ጠረጴዛው ሥር ጫማዋን ታወልቃለች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ሰው ቤት ስገባ ነው» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

አንድ ጠዋት ሁለት ሞት ይዛ መጣች። አንደኛው የውጭ አገር መንገድ መሐንዲስ ነው፤ መኪናው ተገልብጦበት። ሁለተኛዋ አረቄ የምታወጣ ሴት ናት፤ ሰካራሞች ሲጣሉ ልትገላግል ገብታ በስለት ተወግታ። ስለ መሐንዲሱ ጠየቅኩ። ሚስት አለችው? ስንት ልጆች? ሬሳው እንዴት አገሩ ይደርሳል? ጥያቄዬ አላልቅ አለ። ሴትየዋ ላይ ስትደርስ ጭልፋዬን ማጠብ ጀመርኩ።

«ሚኒስትር፣ ጥያቄ የለም?»

«ምን እጠይቃለሁ፣ አረቄ አውጪ ናት አላልሽም?»

«አረቄ አውጪ አትወልድም?»

«ኧረ ትወልዳለች።»

«እና ጠይቂኛ!»

«እሺ፣ ልጆች አሏት?»

«አላውቅም» አለችና ተነሳች። ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ላይ በጎን ተቀምጣ ሄደች፤ ረጅም ስለሆነች እግሯ መሬት ሊጠርግ ምንም አይቀረው። ስትመለስ ላብ አጥምቋታል። ሴትየዋ አራት ልጆች አሏት፣ ሁለቱ መንታ። የሰፈሩም አዋላጅ ነበረች፤ ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን እያሳዩ «ይሄም በእሷ እጅ፣ ያኛውም በእሷ እጅ» አሏት። ወሬውን ይዛ ወደ ኤዲተሩ ገባች፣ እኔም ስኒ ለመሰብሰብ ተከተልኳት።

ኤዲተሩ ናይሮቢ የተማረ ወጣት ነው። ክፉ አልነበረም፣ ለእናቱ በየቀኑ የሚደውል ልጅ ነው። ነጭ ሰሌዳ አለው፤ የትኛው ሟች ስንት ደቂቃ እንደሚያገኝ የሚጽፍበት። ሰሚ የሚያለቅሰው ለተማሪ፣ ለእናትና ለሐኪም ነው ይላል። የኛቦልን ወሬ ሰምቶ ደስ አለው። «በጣም ጥሩ! አዋላጅ በያትና አረቄውን ተይው። ሰው እንዲያዝን ከፈለግሽ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«እሷ ግን ሁለቱንም ይዛ ሃያ ዓመት ሄደችበት» አለችው ኛቦል።

እንዳለችው አነበበችው፣ አረቄውንም አዋላጅነቱንም። ተቆጣት። የሚገርማችሁ፣ እኔ በልቤ የያዝኩት የእሷን ሳይሆን የእሱን ነው። ሰው እንዲታዘንለት ከተፈለገ ምኑ መነገር፣ ምኑ መደበቅ እንዳለበት ያን ቀን ተማርኩ።

«ሞት ሰው አይመርጥም፣ ሬዲዮ ግን ይመርጣል» ትል ነበር ኛቦል። ይሄ ነገር ከየት እንደያዛት አንድ ቀን ብቻ ነገረችኝ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ እየበላች። ከመጠለያው ሸሽተው ወንዝ ሲሻገሩ እናቷን ውሃው ወሰዳት። ማዶ ደርሰው ሬዲዮ ሲከፍቱ «ጥቂት ሰዎች በውሃ ተወስደዋል» ይላል። «ጥቂት! እናቴ እኮ ወፍራም ሴት ነበረች። አልጋ ላይ ስትቀመጥ እኛ ማዶ እንነሳለን» አለችና ሳቀች። ግድግዳውን ግን አልደበደበችም። ዳቦውን ሳትጨርሰው በወረቀት ጠቀለለችው።

አንድ ጊዜ ከዜና አንስተው ለሁለት ወር የጠፉ ከብቶች ማስታወቂያ ላይ አስቀመጧት። ጥፋቷን አሁን እነግራችኋለሁ፣ ጥፋቷ እኔ ነኝ። ያንንም ቢሆን ጉድ አደረገችው። «ግራ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ፣ ሰው የማትወድ፣ ከባለቤቷ ሴት በቀር ለማንም የማትታለብ ላም ከእሁድ ጀምሮ የለችም» ብላ ስታነብ ገበያው ሁሉ ስለዚያች ላም ይጨነቃል። ማድ ቤቴ መጥታ «ለላም ይሄን ያህል ከተፈቀደልኝ ለሰው ምን አስከለከለኝ?» አለችኝ።

ነገሩ የሆነው የነጻነቱ ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ራሄል ሃያ ዓመቷ ነበር፣ ቶንፒንግ አንድ መጠጥ ቤት አስተናጋጅ። የቤቱ ልብስ ጥቁር ካናቴራ ነው፣ ደረቱ ላይ በቢጫ የቢራ ስም የተጻፈበት። እኔ ለአገር ልጆች ሆቴል ትሠራለች እላለሁ፣ ከዚያ በላይ ከጠየቁኝ ወሬ እለውጣለሁ። እሷ ግን ሥራዋን ትወደዋለች። አሥር ጠርሙስ በአንድ ትሪ ተሸክማ በሰው መሐል መሹለክ እንደ ጭፈራ ነው የምታየው። ኛቦልም ቅዳሜዋን እዚያ ስለምታሳልፍ ቢራዋን የምትቀዳላት ራሄል ናት።

አንድ ቅዳሜ ራሄል ከሥራ ሳትመለስ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። ሲነጋ ወደ ሥራ ቦታዋ ሮጥኩ፤ በሰዓቷ ወጥታለች አሉኝ። ትልቁ ሆስፒታል ሄድኩ፣ የለችም። ፖሊስ ዘንድ ሄድኩ።

«ሀበሺያ ናት?» አለኝ አንዱ።

«አዎ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ቶንፒንግ፣ ምግብ ቤት።»

«ቢራ ይሸጣል?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«እንግዲያማ ትመጣለች፣ ማማ። ሰኞ ትመጣለች» ብሎ ለጓደኛው ጠቀሰው። ሳቁ።

ከዚያ እግሬ ወደ ሬዲዮው ወሰደኝ። እሁድ ስለሆነ ኛቦል የለችም፣ ኤዲተሩ ብቻውን ነው። ቁጭ አድርጎ ውሃ ሰጠኝ፣ ብዕሩን አነሳ። ስም፣ ዕድሜ፣ ነገርኩት። «ሥራዋ?» አለኝ። ዓይኔ ነጭ ሰሌዳው ላይ ነበር። ከዚያ ፖሊስ ሳቅ በኋላ ምን ልበል? ይቅር ይበለኝ፣ «ተማሪ ናት» አልኩ። አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። ከመዝሙር ልምምድ ስትመለስ ነው አልኩት። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳለች አልኩት። ጻፈው። ዓይኑ እንባ ሲሞላ አየሁት። «አይዞሽ ማማ፣ የመጀመሪያ ዜና አደርጋታለሁ» አለኝ።

አደረጋትም። የአራት ሰዓቱ ዜና በእሷ ተከፈተ። ስልኩ አላርፍ አለ። ቄስ ደወሉ፣ ጸሎት ላይ ነን አሉ። የማናውቃቸው ወጣቶች ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ያለውን ቦይ ሁሉ እየፈተሹ እንደሆነ ነገሩን። ነጭ የለበሰች ልጅ ግን ያየ አልተገኘም። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ስድስት ሰዓት አልፎ ኛቦል ከነቤተ ክርስቲያን ልብሷ እየሮጠች ደረሰች። አንድም «አይዞሽ» አላለችም። ሳጥን ላይ ስላለሁ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ንገሪኝ። ምን ለብሳ ነበር?»

«ነጭ ቀሚስ።»

«ዘነቡ።»

«ነጠላም ደርባ…»

«ዘነቡ! ቅዳሜ፣ ራሄል፣ ነጭ ቀሚስ? ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ እኮ እኔ ራሴ ቢራዬን ቀድታልኛለች! ጠርሙስ ተገልብጦባት በቢራ ርሳ ‹ኛቦልዬ፣ ዛሬስ ጠጥቼ ገባሁ ብለው ያሙኛል› እያለች ስትስቅ ነበር!»

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። «ቢራ ቀጂ ናት ካላችሁ ማን ይፈልጋታል? ማን? እኔ እንኳን አልጠይቅም ነበር! አንቺ መጥተሽ ‹አንዲት አስተናጋጅ ጠፋች› ብትዪኝ እኔ ራሴ ጭልፋዬን ነበር የማጥበው!»

ኛቦል እጄን ያዘችኝ። እሷም ፈርታለች። «ስሚኝ እህቴ። እንዲያዝኑላት ነው የምትፈልጊው ወይስ እንዲያገኟት?»

ካናቴራውን ነገርኳት። ቢጫውን ጽሑፍ ነገርኳት። የፊት ጥርሷ ፍንጭት እንደሆነ፣ ግራ ክንዷ ላይ የልጅነት የእሳት ጠባሳ እንዳለ ነገርኳት። እሷ እየሰማች መዳፏ ላይ ጻፈችው፣ ወረቀት ፍለጋ አልተነሳችም።

ኤዲተሩ በሩ ላይ ቆመ። «ጠዋት ተማሪ ብለናል። አሁን ቢራ ቀጂ ካልን ውሸታም እንባላለን፣ ማንም አይሰማንም። ልጅቷንም ያሟታል።»

«ይሟታ። ለመታማትም መገኘት አለባት» ብላው በብብቱ ሥር አልፋ ገባች።

እኔ በመስታወቱ በኩል ቆምኩ። ፊቷን አላየሁም። ያየሁት ከጠረጴዛው ሥር ነው፤ እግሮቿን። ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። ያን ሳይ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

«በጠዋቱ ዜና ተሳስተናል» አለች በአረብኛ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የጠፋችው ልጅ ራሄል ትባላለች። ቶንፒንግ ቢራ ትቀዳለች። ትናንት ከሥራዋ የወጣችው ጥቁር ካናቴራ ለብሳ ነው፣ ቢጫ ጽሑፍ ያለበት። ቢራ ይሸታታል፣ ጠጥታ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ጥርሷ ፍንጭት ነው። ግራ ክንዷ ላይ ጠባሳ አለ። እናቷ እዚህ ቆማለች። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እዩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ከከተማው ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ አስታማሚ ሴት ናት። እዚህ ኮሪደር ላይ ምንጣፍ ላይ የተኛች ልጅ አለች፣ ካናቴራዋ ጥቁር ነው፣ ክንዷንም ገልጬ አየሁ አለች።

ኛቦል የኤዲተሩን የመኪና ቁልፍ ነጥቃ፣ ኤዲተሩ ራሱ ሮጦ መሪውን ይዞ ሄድን። ራሄል መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት አምልጧል። መንገደኛ አንስቶ እዚያ አድርሷታል። ራሷን ስታ፣ ቢራ እየሸተተች ስትገባ «ሰካራም ናት፣ ሲያልፍላት ትነቃለች» ብለው ጥለዋታል። ነቅታም እግሬን ስትል ማንም አልመጣላትም። ከአጠገቧ ያደረችው ያቺ የደወለችልን ሴት፣ እህቷን የምታስታምም፣ ሬዲዮዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማለች። እጄን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

«ማላሽ፣ ማማ፣ ማላሽ» እያለች ይቅርታ ትለኛለች። «ጠዋት ለዚያች ተማሪ ስጸልይ ነበር። እዚሁ ተንበርክኬ። ይህችን ልጅ ‹ድምፅሽን ቀንሺ፣ ዜናው አልሰማ አለኝ› ብያታለሁ።»

አቀፍኳት። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እሷ ያደረገችውን እኔ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ሐኪሙ አሁን እየተጣደፈ እግሯን ያስራል። ራሄል ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ አብጧል፣ ግን ነቅታለች። አየችኝና «እማዬ፣ ተማሪ ናት ያልሽው ማንን ነው?» አለችኝ።

ኛቦል ፊቷን አዞረች።

«ሌላ ልጅ ናት» አልኳት። «እሷን አልፈልጋትም። አንቺን ነው የምፈልገው።»

ኛቦል አፍንጫዋን ጠረገችና መጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማታ ዜና አለባት፤ ተገኝታለች ብላ ማንበብ አለባት። በኋላ የሚመጣባትን ቅጣት እሷም ኤዲተሩም አውቀውታል፣ ለዛሬ ግን ማንም አላነሳውም። «ቢኒያ፣ አንቺው ንገሪኝ። ምን ልበልልሽ?» አለቻት። ቢኒያ ማለት ልጅት ማለት ነው በእነሱ።

ራሄል አሰበች። «እግሬ እስኪድን ቦታዬን ለሌላ እንዳይሰጡብኝ በይልኝ።»

ኛቦል ሳቋ አመለጣትና የክሊኒኩን ግድግዳ በመዳፏ መታችው። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ፤ የእናት ፈቃድ መጠበቋ ነው። የአገር ልጆች ሁሉ የሚሰሙት ዜና ነው፣ የማታው።

«በይላት» አልኩ። «የቤቱንም ስም ጥሪው። ቶንፒንግ መጠጥ ቤቱ ብዙ ነው፣ ሌላ ቤት እንዳይመስላቸው።»